ልጃችንን ባስታመመችው ሴት ቤት፦ አምስት ቀን በማርቡርግ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት

ቤታችን ሎስ አንጀለስ፣ ሃውቶርን ነው፤ ኤርፖርቱ አፍንጫችን ሥር። ሆኖም ዛሬ ወደ ኤርፖርት ለመሄድ መጀመሪያ በተቃራኒው የሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ወዳሉበት ወደ ፌርፋክስ ጎዳና ወጣን። ባለቤቴ ሙሉ «የምግብ ቤቱን ማቀዝቀዣ አንዴ በዐይኔ ሳላይ አልሄድም» ስላለች ነው። ፌርፋክስ ላይ ምሳ የምትበሉ ሙሉን ታውቋታላችሁ፤ ከወጥ ቤቱ መስኮት አንገቷን አውጥታ «ጨምሩ እንጂ!» የምትለው እሷ ናት።

ጎዳናው ባዶ ነው። የምግብ ቤቶቹ መብራት ጠፍቷል፤ የልብስ መደብሩ የብረት መዝጊያ ወርዷል፤ አንድ ሰው ብቻ በውሃ ጎማ የእግረኛ መንገድ ያጥባል። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ይህን መንገድ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የምትነዳው ልጃችን ሳሮን ናት። እኛን ለመሸኘት ከበርባንክ በጨለማ ድራይቭ አድርጋ መጥታለች።

ወዴት ነው የምንሄደው? ከሦስት ዓመት በፊት ሳሮን ለትምህርት ማርቡርግ የምትባል የጀርመን ከተማ ስድስት ወር ተቀምጣ ነበር። እዚያ ሳለች ታመመች። በስልክ «ከባድ ጉንፋን ነው» አለችን። ሐና የምትባል አንዲት ትንሽ ሆቴል ያላት ሴት ከተማሪዎቹ ሕንጻ አውጥታ፣ ክፍል ሰጥታ፣ ሾርባ እያበላች አስታመመቻት። ሙሉ ያን ጊዜ ስልኩን ተቀብላ ሴትዮዋን ልታመሰግን ሞከረች፤ ግን ከአማርኛ ሌላ አልመጣላትም። ስልኩ ሲዘጋ «ይቺን ሴት ዐይኗን ሳላይ አልሞትም» አለች። ሙሉ ያለችውን የማትረሳ ሴት ናት። እነሆ በኦክቶበር ወር፣ ሁለት ኪሎ ዳቦ ቆሎ በሻንጣ ይዘን ወጣን።

ኤርፖርቱ በር ላይ ሳሮን እናቷን አቅፋ ቆየች።

«ማሚ፣ ሐና ብዙ ታወራለች፣ ኦኬ? ኢንግሊሿም ሚክስድ ነው። ሁሉንም ነገር ሲሪየስ አታድርጊው።»

«ምን ልታወራብኝ ትችላለች?» አለች ሙሉ እየሳቀች።

«ምንም። ጀስት እንዲሁ።»

ከኋላ ያለው መኪና ጥሩንባ ነፋ። ሻንጣችንን ይዘን ገባን።

ረቡዕ፣ ከፍራንክፈርት በባቡር

ኒው ዮርክ ላይ አውሮፕላን ቀይረን ፍራንክፈርት በጠዋት ደረስን። ከዚያ ወደ ሰሜን ባቡር ያዝን፤ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ባቡሩ ከመጽዳቱ በላይ ዝምታው ይገርማል። ሙሉ በጆሮዬ «ሰዎቹ ተጣልተው ነው?» አለችኝ። በመስኮቱ የታረሰ ጥቁር መሬት፣ ቅጠሉ የቀላ ዛፍ፣ ቀይ ጣራ፣ የቤተ ክርስቲያን ሹል ጫፍ፣ እንደገና የታረሰ መሬት ያልፋል። ሙሉ ዳቦ ቆሎ አውጥታ ፊት ለፊቷ ለተቀመጡት አዛውንት ዘረጋችላቸው። አዛውንቱ አንዲት ፍሬ ብቻ አንስተው አመሰገኑ። ከሁለት ጣቢያ በኋላ ግን ራሳቸው እጃቸውን ዘረጉ።

ማርቡርግ ጣቢያ ያገኘነው ባለ ታክሲ ሬዛ ይባላል፤ ኢራናዊ ነው። የሥራ ባልደረባው መሆኔን ስነግረው በመስታወት አየኝ።

«የት ነው የምትነዳው?»

«ሎስ አንጀለስ።»

«ትራፊኩ እንደሚሉት ነው?»

«እንደሚሉት ነው።»

እየነዳ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ጨበጠኝ። ከዚያ ከተማው ሽቅብ ጀመረ። መንገዱ ኮብልስቶን ነው፤ ጠባብ ነው፤ የመኪናው የጎን መስታወት ግድግዳ ሊነካ ምንም አልቀረው። እኔ ከኋላ ሆኜ የሌለ ፍሬን ስረግጥ እግሬ ዛለ። ቤቶቹ ጥቁር የእንጨት አጥንታቸው ውጭ የወጣ፣ በመካከሉ ነጭ የተመረጉ፣ ሦስትና አራት ፎቅ ሆነው ወደ መንገዱ ያዘመሙ ናቸው።

«ታዴ፣ ይኼ ቤት አይወድቅም?» አለች ሙሉ። ለሬዛ ተረጎምኩለት።

«አምስት መቶ ዓመት ሊወድቅ ሲል ነው» አለ ሬዛ።

ሆቴሉ ከእንደዚህ ያሉ ቤቶች አንዱ ነው። አስራ አንድ ክፍል አለው፤ ሊፍት የለውም፤ ደረጃው ሲረገጥ ያቃስታል። የሆቴሉ ባለቤት ሐና የምትኖረው ምድር ቤቱ ውስጥ ነው፤ ልጇ ማርቲን ሻንጣ ይሸከማል፣ ቧንቧ ይጠግናል፣ አልጋ ያነጥፋል። ሐና ራሷ ሰባ ዓመት የተጠጋች፣ ረጅም፣ ነጭ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ሰማያዊ ሽርጥ ታጥቃ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን።

ሙሉ አውሮፕላኑ ውስጥ ስታጠናው የመጣችው የእንግሊዝኛ ምስጋና ነበር። ሴትዮዋን ስታይ ሁሉም ጠፋ። ሻንጣውን መንገድ ላይ ጥላ ሄዳ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት፤ በግራ፣ በቀኝ፣ እንደገና በግራ። ሐና እንደ ምሰሶ ተገትራ ቀረች። በኋላ ቀስ ብሎ አንድ እጇ ተነሳና የሙሉን ጀርባ መታ መታ አደረገ።

«የሳሮን እናት» አለች ሐና። «ግንባሩ አንድ ነው።»

ዳቦ ቆሎውን በትልቅ የእንጨት ሳህን አድርጋ ከክፍል ቁልፎቹ አጠገብ አስቀመጠችው። እስከ ማታ ድረስ እንግዳው ሁሉ ቁልፍ ሲያስረክብም ሲረከብም እየቆረጠመ ነበር።

ሐሙስ

ቁርስ። አምስት ዓይነት ዳቦ፤ ጥቁሩ እንደ ጡብ ይከብዳል። አይብ፣ የቀዘቀዘ ሥጋ፣ ሐና ራሷ የሠራችው የፕለም ማርማላታ። የተቀቀለው እንቁላል እንዳይቀዘቅዝ በክር የተሠራ ትንሽ ቆብ ደፍቷል። ሙሉ ቆቡን አንስታ፣ ቀና አድርጋ፣ መልሳ ደፋችለት።

መብላቱን ግን አልቻለችም። ሃያ ዓመት ሰው ስታበላ የኖረች ሴት ቁጭ ብላ ሲያበሏት መቀመጫው ይኮሰኩሳታል። የኛን ሳህን አነሳች፤ የጎረቤታችንን ጨመረች፤ ይዛ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ወዲያው ሐና በትከሻዋ ይዛ መለሰቻት።

«እንግዳ ይቀመጣል» አለች ሐና ለእኔ፣ ጣቷን ወደ ወንበሩ ቀስራ።

«ተቆጣችኝ እኮ» አለች ሙሉ። ደስ ብሏታል፤ የሐና ባህሪ የራሷን መሰላት።

ቀኑን ዞርን። ከታችኛው ከተማ ወደ ላይኛው የሚያወጣ የሕዝብ ሊፍት አለ፤ አያስከፍልም፤ አሮጊቶች የገበያ ዘንቢል ይዘው ይሳፈሩበታል። ከዚያ በላይ ግን በእግር ነው። ኮረብታው አናት ላይ ያለው ግንብ ሉተር ስለ ጌታ እራት ሊከራከር የመጣበት መሆኑን ስነግራት፣ በጴንጤነቷ የምትኮራዋ ሙሉ «ይኼን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ነው የተከራከረው? እኔ ብሆን እሺ ብዬ እወርድ ነበር» አለች።

ዓርብ

ዛሬ የሆነውን እንደሆነው ልጻፈው።

ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ስነቃ ሙሉ አልጋው ላይ የለችም። ወረድኩ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች፤ ሐና ብቻዋን ዳቦ ትቆርጣለች። ጠዋት የምታግዛት ሠራተኛ ልጅ ታሞባት ቀርታለች። ሐና ቀና ብላ ሙሉን ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ከዚያ ከግድግዳው ሽርጥ አውርዳ ወረወረችላት።

ሁለቱ ሲሠሩ ማየት ደስ ይል ነበር። ቋንቋ የለም፤ እጅ ብቻ ነው። እንቁላሉ ላይ ብቻ ተጣሉ። ሐና ደቂቃ ቆጥራ ስታወጣ ሙሉ መልሳ ትከታለች፤ «ጥሬ ነው!» ትላለች በአማርኛ። ቀጥሎ ሙሉ ወደ ምግብ አዳራሹ ገብታ ጠረጴዛ ማሰናዳት ጀመረች። ሐና የቡና ማንቆርቆሪያ ይዛ መጥታ ቆማ አየቻትና ሳቀች።

«ልክ እንደ ሳሮን» አለች። «እሷም ማንኪያውን በስተግራ ነበር የምታስቀምጠው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ አስተካክዬ ደከመኝ።»

«ሳሮን እዚህ ትሠራ ነበር?» አለች ሙሉ በእንግሊዝኛ። «ታማ አልነበር?»

«ሐኪሙ ነው ያለው። ከአልጋ የሚያስነሳት ነገር ይኑራት አለ፤ ጠረጴዛ ሰጠኋት።» ሐና ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። «አሁንስ ትተኛለች? ያ ለቅሶው ተዋት?»

ሙሉ የያዘችውን ሹካ አላስቀመጠችም።

«የምን ለቅሶ?»

ሐና ሙሉን አየች፤ እኔን አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ሲጠፋ አየሁት። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አልነገረቻችሁም» አለች፤ ጥያቄ አልነበረም። «ቃል ሰጥቻት ነበር። ሦስት ዓመት ስላለፈ፣ እናንተም እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ፣ ነግራችኋለች ብዬ ነው።»

ጥቂት ነገረችን። ሳሮን አንድ ወር ትምህርት ቤት አልሄደችም ነበር። መጋረጃ ዘግታ ተኝታ፣ ሳትበላ፣ ከማንም ሳትነጋገር። ስትመጣ የማረፊያ ክፍሏ እስኪዘጋጅ አንድ ሳምንት በዚህ ሆቴል አርፋ ስለነበር፣ የረሳችውን ሹራብ ልታደርስላት የሄደችው ሐና ናት ያገኘቻት። ጉንፋን አልነበረም።

«የቀረውን ራሷ ትንገራችሁ» አለች ሐና። «እኔ አሁንም ከሚገባኝ በላይ ተናግሬያለሁ።»

ሙሉ ደረጃውን ወጣች። ተከትዬ ስገባ ልብስ ሻንጣ ውስጥ እየወረወረች ነው።

«ለባዕድ ሴት ነገረች» አለች። «ለእኔ ጉንፋን። ለእናቷ ጉንፋን!»

«ሙሉዬ...»

«ደውልልኝ። አሁኑኑ ደውልልኝ።»

ሃያ ሁለት ዓመት ያሳፈርኩትን ሰው ሁሉ ከፊቱ አነብባለሁ ብዬ እኩራራለሁ፤ የልጄን ግን አላነበብኩም። ሆኖም ስልኩን አልሰጠኋትም። «በስልክ ከጠየቅሻት ሌላ ጉንፋን ትነግርሻለች» አልኳት። ሙሉ ሻንጣው ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ በሩ ተንኳኳ፤ ሐና ካፖርት ለብሳ ቆማለች። ቁርሱን ለማርቲን ትታለት ነው የመጣችው።

«ጫማ አድርጉ» አለች።

ቁልቁል ወርደን ላን የሚባለው ወንዝ ዳር ደረስን። ጭጋግ አለ፤ ዳክዬዎች አሉ፤ ተማሪዎች በብስክሌት ያልፋሉ። ሐና የመጀመሪያውን አግዳሚ ወንበር አሳየችን። «የመጀመሪያው ቀን እስከዚህ ብቻ ነው የመጣችው። ተቀምጣ አለቀሰች፤ ተመለስን።» ትንሽ ሄደን ድልድይ አገኘን። «አራተኛው ቀን።» ውሃው ከትንሽ ግድብ ላይ እየጮኸ ወደሚወርድበት ስንደርስ ቆመች። «እዚህ ስንደርስ አንድ ጠዋት "ሐና፣ ራበኝ" አለችኝ። ያን ቀን ስድስት እንቁላል በላች።»

«አንቺ እንዴት አወቅሽ?» አልኳት። «ምን እንደሆነች?»

«ባሌ ሲሞት አንድ ክረምት ሙሉ እኔም ተኝቻለሁ። ማርቲን በር እየደበደበ አስነሳኝ።»

ሙሉ ወደ ሐና ዞረች። «ለምን አልደወልሽልኝም? እኔ እኮ እናቷ ነኝ።»

«ስልኩን ሁለት ጊዜ አነሳሁ» አለች ሐና። «ከደወልሽ ጥዬ እሄዳለሁ አለችኝ። ከምትሄድ፣ አንቺ አንድ ቀን ብትቆጪኝ ይሻላል አልኩ። ተቆጪ፤ መብትሽ ነው።»

ሙሉ ተቆጣች። ብቻዋን ወደ ፊት ሄደች፤ ቀይ ሹራቧ ጭጋጉ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ። እኔና ሐና ቆመን ጠበቅን። ሐና እጇን ካፖርቷ ኪስ ከትታ ውሃውን ታያለች፤ እኔም አያለሁ። ምናልባት ሩብ ሰዓት ይሆናል። ሙሉ ተመልሳ መጣች፤ ዐይኗ ቀልቷል። ድንጋዩ እርጥብ ነበርና የሐናን ክንድ ያዘች።

«እትዬ ሐና፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች፣ በአማርኛ።

ሐና ትርጉሙን አልጠየቀችኝም። ክንዷን አጥፋ የሙሉን እጅ አጠበቀችውና ወደ ቤት ሄድን።

ቅዳሜና እሑድ

ሙሉ ከእንግዳነት ተሰናብታለች። ሁለቱንም ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጥ ቤት ነበረች። «እትዬ» ማለት ምን እንደሆነ ሐና ጠየቀች፤ ታላቅ እህት እንደ ማለት ነው አልናት። ከዚያ ወዲህ ማርቲን እናቱን «እትዬ» እያለ ያበሽቃታል።

ቅዳሜ ሳሮን ደወለች። የምታወራው ስለ አየሩ ነው፤ ስለ ምግቡ ነው። ከዚያ ድምጿ አነሰ። «ማሚ፣ ሐና ምን አለች?»

ሙሉ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። «ደህና ናት፤ ትወድሻለች። ስንመጣ እንጫወታለን፣ የኔ ቆንጆ።»

«ኦኬ» አለች ሳሮን። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሙሉ ወጥ ቤት ገብታ የታጠበ ድስት እንደገና አጠበች።

እሑድ ምሳ ሙሉ ከፌርፋክስ ይዛው በመጣችው በርበሬ ምስር ሠራች፤ በጥቁር ዳቦ በላነው። ማርቲን ላብ በላብ ሆኖ ሦስት ጊዜ ጨመረ። ሐና አንድ ማንኪያ ቀምሳ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ ውሃ ጠጥታ፣ «ሳሮን ስለዚህ ነግራኛለች፤ አላመንኳትም ነበር» አለች። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለነበር የትም አልሄድንም። ሐና የሳሮንን የያኔ ክፍል አሳየችን፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጣራው ያዘነበለ፣ አልጋው ከመስኮቱ ሥር። ሙሉ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ብርድ ልብሱን በእጇ ዳበሰችው። እኔ ትቻት ወረድኩ።

ሰኞ

ሐና በሩ ላይ ሸኘችን። በዚህ ጊዜ ቀድማ ያቀፈችው እሷ ናት፤ አያያዟ እንደ ገበሬ ነው፣ አጥንት ያንኳኳል። ለእኔ ለብቻዬ «ልጅቷ እንዳትቀየመኝ ንገርልኝ» አለች። እነግራለሁ አልኳት። የመጣልን ያው ሬዛ ነበር፤ ቁልቁለቱን ዝም ብሎ ነዳ፤ ሙሉ ስታለቅስ በመስታወት አይቷል። ባለ ታክሲ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ሙዚቃውን ቀነስ፣ አፍህን ዝጋ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ትጸልያለች ወይም የምትለውን ታጠናለች። ሎስ አንጀለስ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሙቀቱ፣ የነዳጁ ሽታ፣ የመኪናው ጎርፍ። ሳሮን መኪና ውስጥ ሆና እጇን አወዛወዘች። ሙሉ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ከትንሹ ሻንጣ ጋር ተቀመጥን።

ከአስር ደቂቃ በኋላ ሳሮን የቤታችንን መታጠፊያ አለፈችው። አላስታወስኳትም። አንድ የዶናት ሱቅ ፊት ለፊት ገብታ ፓርክ አደረገች፤ ሞተሩ እየሠራ ሁለት እጇ መሪው ላይ ቀረ።

«ነገረችሽ፣ አይደል?»

«ሳታውቅ ነው» አለች ሙሉ። «ነግራችኋለች ብላ ነው። እንዳትቀየሚያት፤ እሷም ለአባትሽ አደራ ብላለች።»

ሳሮን ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ ወዲያው ወረደ።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ የኔ ልጅ?»

«ማሚ፣ አንቺ ከጠዋት እስከ ማታ ቆመሽ ትውያለሽ። እግርሽ አብጦ እያየሁት ፋይን ነኝ ትያለሽ። ዳዲ ወገቡን እየታመመ ይነዳል፤ እሱም ፋይን ነው። ሶ... እኔ እናንተ ለፍታችሁ በላካችሁኝ ቦታ፣ ምንም ሳልሠራ አልጋ ላይ ተኝቼ፣ ደከመኝ ብዬ እንዴት ልበላችሁ? ምን ሠርተሽ ነው የደከመሽ ብትሉኝስ?»

ሙሉን አውቃታለሁ። ጥቅስ ትጠቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ወይም ትመክራለች፤ ወይም «እኔ እንዲህ እላለሁ ብለሽ?» ብላ ትቆጣለች። እሷ ግን እጇን ዘርግታ የልጇን ጉንጭ ጠረገች። ከዚያ ወደ ፊት፣ ወደ ዶናት ሱቁ መስታወት እያየች፣ በቀስታ ተናገረች።

«እኔም ፋይን አይደለሁም። አንዳንድ ቀን ምግብ ቤቱ ጓሮ ወጥቼ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ቆሜ አለቅሳለሁ። ፊቴን ታጥቤ እገባለሁ። አባትሽም አያውቅም።»

አላውቅም ነበር።

ሳሮን ሞተሩን አጠፋች። ወንበሯ ላይ ወደ እናቷ ዞረች።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች።

ሙሉም ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ሰማሁ።